ሸንተረራሞቹ ጫጩቶች

አብዱልመጂድ በሸዋ ሮቢት ለጌጥ የሚሆኑ ትንንሽ አምባዛ ዓሦችን በሚያረባበት ክፍል ውስጥ፣ እጁን በመስታወት ገንዳው ውሃ እንደነከረ ሞቶ ተገኘ። የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ፖሊስ ክፍሉን ወዲያውኑ አሸገ፤ ዓሦቹን ከሚመግብ አንድ ፖሊስ በቀር ማንም እንዳይገባ ከለከለ፤ የገንዳውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘወትር የምትሰካውን ልጁን ራቢዓን አሰረ።

ከአርባ ቀን በኋላ ጉዳዩ የተላለፈላት ኢንስፔክተር ፀሐይ በመጀመሪያ የሟቹን የወንድም ልጅና የሥራ ሸሪክ ኢልያስን ጠየቀች።

«ከአጎትህ ጋር መቼ ተለያያችሁ?»

«ዓሦቹ እንቁላል በጣሉ ማግስት አጣዬ ሄድኩ። የተመለስኩት ለቀብር ነው፣ ወላሂ!»

«በስልክስ?»

«ተኳርፈን ነበር። አጎቴ ሲያኮርፍ ከአምባዛ እንጂ ከሰው አያወራም።»

«በምን ተኳረፋችሁ?»

«እኔ ያመጣኋቸው ወላጆች ብርቅዬ ዝርያ ናቸው ብዬ ለነጋዴው ለሄኖክ ቃል ሰጠሁ፤ አጎቴ ግን ሳላረጋግጥ አይሸጡም አለ። ለእነዚያ ሸንተረራም ጫጩቶች ብሎ የሥጋ ዘመዱን ያዋርዳል?»

ፀሐይ ኢልያስ «ብርቅዬ» የሚል ወረቀት ወደለጠፈበት ገንዳ ሄዳ አጎንብሳ ተመለከተች። ጫጩቶቹ ሁሉ ነጥባም ነበሩ።

ነጋዴው ሄኖክ «ሁለቱ ዝርያዎች ካደጉ አይለዩም፤ በጫጩትነታቸው የሚለዩዋቸው ጋሼ አብዱልመጂድና ልጃቸው ብቻ ነበሩ» አላት።

ራቢዓ ከእስር ቤት ሆና አስረዳቻት። «ብርቅዬዎቹ ከልጅነታቸው ነጥባም ናቸው። ተራዎቹ በሦስተኛው ሳምንት ሸንተረር ያወጣሉ፤ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሸንተረሩ ጠፍቶ እነሱም ነጥባም ይሆናሉ። አባቴ ሁሉን በደብተሩ ይጽፍ ነበር።»

በማግስቱ ፀሐይ ራቢዓን ከእስር ቤት አስመጥታ ሦስቱንም በገንዳው ፊት ሰብስባ የደብተሩን የመጨረሻ መስመር አነበበች፦ «ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ሸንተረር አወጡ። ተራ ናቸው። ለሄኖክ እነግረዋለሁ።»

«አብዱልመጂድ የሞተው በዚያው ረቡዕ ረፋድ ነው» አለች። «ክፍሉም ወዲያው ታሸገ። አሁን ሸንተረሩ ጠፍቷል። ኢልያስ፣ አንተ ስትሄድ እንቁላል ብቻ ነበር፤ በስልክም አልተነጋገራችሁም። ብርቅዬ ናቸው ብለህ ካመንክ ደግሞ ሸንተረራም ልትላቸው አትችልም። ያየሃቸው በዚያች ጠዋት ነው።»

ኢልያስ «በሰው ፊት ውሸታም ሊያደርገኝ ነበር» አለ።

«ልጄ እያለ ነው ያሳደገህ!» አለች ራቢዓ። «እኔስ አርባ ቀን ስታሰር እያየህ ዝም ትላለህ?»

ፖሊሶች ወሰዱት።

ሄኖክ ወደ ገንዳው ጠጋ አለ። «እህቴ ራቢዓ፣ አሁንማ ነጥባም ሆነዋል፤ ማን ይለያቸዋል? በብርቅዬ ስም ብወስዳቸውስ?»

ራቢዓ ከገንዳው ላይ «ብርቅዬ» የሚለውን የኢልያስን ወረቀት ገነጠለች፤ በምትኩ በአባቷ እስክሪብቶ «ተራ» ብላ ጽፋ ለጠፈች።