የዋጭሌ ጥርስ

ንጉሥ ዛርጋው ዘውድ በጫኑባት ዕለት፣ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ ሳይኖር፣ የጉምዶራ ታላቁ የድማዬ ዛፍ ከሥሩ ተገንድሶ ወደቀ። በአጥሩ ላይ በተከፈተው ክፍተት ሙግራዎች ገቡ። በሬ የሚያካክሉ፣ ዓይን የሌላቸው፣ በጆሯቸው ብቻ የሚያድኑ አውሬዎች ናቸው። በጦር ተገፍተው እስኪወጡ ድረስ የምሥራቁ ሰፈር ደም በደም ሆነ። ሰይፍ ታጣቂዋ ትርንጎ የቀበረችው የእናቷን የቀሚስ ቁራጭ ነው፤ ከእናቷ የተረፈ ሌላ ነገር አልነበረም።

ጉምዶራ ግንብ የላትም። አጥሯ ጎን ለጎን የቆሙት ድማዬዎች ናቸው። እነሱ እያረጁ ከወደቁና አዲስ ካልበቀለ ዕድሜዋ ከአንድ ክረምት አያልፍም። ለምን እንደማይበቅል የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ወጥመድ አጥማጁ ሽማግሌ አያ ቢተው።

«ንጉሥ ሆይ፣» አሉ በጉባኤው ፊት፣ «የድማዬ ፍሬ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። ያን ድንጋይ የሚበሳው የዛፏ አይጥ የዋጭሌ ጥርስ ብቻ ነው። አንዱን ትበላለች፣ ሌላውን በስታ ለክፉ ቀን ትቀብራለች። የቀበረችውን ትረሳለች፤ የረሳችው ይበቅላል። እኛ ግን ሌባ ብለን ፈጀናት!»

በጉምዶራ ወግ ሰይፍ የሚታጠቅ ሁሉ አስቀድሞ አርባ የዋጭሌ ጅራት በመታጠቂያው ላይ ይሰፋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን ለዳዋው ስትለፋ የኖረችው አይጥ ነበረች የተመታችው። ትርንጎ የራሷን መታጠቂያ ዳሰሰች። እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

«በእናቴ ደም እምላለሁ!» አለች ተነሥታ። «ዋጭሌን ከነነፍሷ ሳልይዝ ይህን አገር ዳግመኛ አልረግጥም!»

ታላቅ ወንድሟ ጓንጉል ሳቀ። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች አሉ። ምን ይደረግ፣ እኔም አብሬሽ ላሽትት እንጂ።»

የቀሩት ዋጭሌዎች ከሙግራዎቹ ዋሻ ማዶ፣ በቀርከሃው ሸለቆ ነበሩ። ትርንጎ፣ ጓንጉልና አያ ቢተው በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደረሱ። አያ ቢተው ግንዶቹን እየዳበሱ ሄደው፣ አውራ ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ ካለችበት ቀርከሃ ዘንድ ቆሙ። ትርንጎ አጎንብሳ አየች። በደረቅ ቅጠል ጎጆ ውስጥ ጅራቷ ከሰውነቷ የሚረዝም ቀይ አይጥ ተኝታለች፤ ሁለት ልጆቿ ጡቷን ነክሰው ተንጠልጥለዋል።

«በእጅሽ እንዳትነኪያት፣» አሉ ሽማግሌው። «ስትሸሽ እንኳ ልጆቿን እንዳንጠለጠለች ነው። በግድ ብታላቅቂያቸው ጡቷ ተቀዶ ትሞታለች። ቀዳዳውን ወትፈሽ ቤቷን ከነእሷ ቁረጭው።»

ቆረጡት። የመጥረቢያው ድምፅ ግን ሸለቆውን ሞላው። የመጀመሪያው ሙግራ ከጫካው ወጥቶ አያ ቢተውን ከወገባቸው ሲገምሳቸው፣ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኙም። ጓንጉል ጦሩን በአውሬው ጆሮ ሰክቶ እስከ እጀታው ነዳው። ትርንጎ ጉሮሮውን በሰይፍ ከፈተችው፤ ትኩስ ደም ፊቷን አለበሳት። ሁለተኛው መጣ። እሱንም ገደሉት፤ የጓንጉል ግራ ክንድ ግን ከክርኑ በታች በአፉ ቀረ።

ትርንጎ ክንዱን በጠፍር አሰረችለት። ሸሽተው ወደ አገራቸው ከሚያሻግረው የወንዝ ድልድይ አጠገብ ካለ ገደል ሥር ተሸሸጉ፤ ትንፋሻቸውንም ዋጡ። ያን ጊዜ ከቀርከሃው ውስጥ ድምፅ ተነሣ። ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ።

«ምነው ዝም ብትል!» አለች ትርንጎ በሹክሹክታ።

«አትልም፣» አላት ጓንጉል። «አያ ቢተው ነግረውኛል። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ካልቆረጠመች አፏ ተቆልፎ ትሞታለች።»

ከአፋፉ ላይ አሥር ሙግራዎች ጆሯቸውን ወደ እነሱ አዞሩ። ጓንጉል ከወገቡ ቢላዋውን መዘዘ፤ የቀርከሃ ምርኩዙንም አነሣ። ትርንጎ ወዲያው ገባት።

«ወንድምዓለም፣ አይሆንም!»

«የማልሽው በእናታችን ደም ነው። ምርኩዜን በአንድ እጄ መፋቅ እችላለሁ፣ ተሸክሜ መሮጥ ግን አልችልም። በይ ተነሺ።»

ግንባሯን ስሞ ከድልድዩ ራቅ ወዳለ ቋጥኝ ወጣ። ምርኩዙን በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ በቢላዋ ይፍቅ ጀመር። ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ። ከዋጭሌዋ ይልቅ የእሱ ጮኸ፤ አውሬዎቹም ወደ እሱ ተመሙ።

ትርንጎ ቀርከሃውን በኩታዋ ጠቅልላ ሮጠች። በድልድዩ አፍ አንድ ሙግራ ጠበቃት። ሰይፏ በጎድኑ ውስጥ ተሰበረ፤ ሁለት ጣቶቿን ነጠቃት፤ በስባሪው አፉን ወግታ ወደ ወንዙ ጣለችው። ከኋላዋ ግሣት ተሰማ፣ የጓንጉል ስድብ ተሰማ፣ ከዚያም እንደገና መፋቁ። ድልድዩን ስትጨርስ ድምፁ ቆመ። እያለቀሰች ሮጠች እንጂ ዞራ አላየችም።

በጉምዶራ ዋጭሌዋን ከወደቀው ዛፍ አጠገብ ለቀቀቻት። ከሁለቱ ልጆች አንዱ ወንድ ነበር፤ ዘራቸው በረከተ። ክረምቱ ሲወጣ በክፍተቱ ውስጥ ዘጠኝ የድማዬ ችግኞች ታዩ፤ እስኪያድጉም ሕዝቡ በጦር ጠበቃቸው። ንጉሡ ሊሸልሟት ሲጠሯት አርባውን ጅራት ከእሳት ጨመረች፤ ወጉም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሻረ።

ዛሬ በአጥሩ ላይ ቅርጭ ቅርጭ ሲል ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ትርንጎ ግን ድምፁ በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች፤ እንደገና እስኪጀምርም ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች።