ከማኅደር ድምፅ ሥር

ኪዳኔ ቴፑን የገዛው ወደ ካርቱም ከሄደ ነጋዴ እንደሆነ፣ ከካርቶኑ ወጥቶም እንደማያውቅ ይናገራል። እህቱ አሰፋች ግን ይኸው ቴፕ በስደተኛው ሠፈር ከቤት ቤት ሲዞር መኖሩን ትምላለች። መጻፍ የማይችል ሁሉ ለዘመዱ የሚልከውን ቃል በእሱ ይቀዳ ነበር፤ ካሴቱን የጭነት መኪና ሾፌሮች ድንበር ያሻግሩታል። መልሱም የሚመጣው በዚያው ካሴት ላይ ተቀድቶ ነው።

የአሥራ አምስት ዓመቷ የኪዳኔ ልጅ ማኅደር ማስታወቂያው ላይ የማንን ታሪክ እንደምትጽፍ ግራ ገባት። ዐረብኛ አሳምራ ስለምትጽፍ፣ አባቷ የሚሸጠውን ዕቃ በሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ የፌስቡክ ገበያ ላይ የምታወጣው እሷ ናት። ቴፑ ካልተሸጠ ለፈተና መመዝገቢያዋ የሚከፈል የለም፤ ምዝገባው ደግሞ ሐሙስ ይዘጋል። ሞዴሉን ጻፈች። ፊቱንም ጀርባውንም፣ የተሰነጠቀውን የባትሪ ክዳን ሳይቀር ፎቶ አነሳች። ታሪኩን ለጊዜው ተወችው።

ወዲያው ኸሊል የሚባል የሀዋታ ከተማ ሰው ጻፈላት። እናቱ በጠና ታመዋል። ስልክ ሲደቀንባቸው ዝም ስለሚሉ በለመዱት ቴፕ ድምፃቸውን ሊያስቀር ይፈልጋል። አዲስ ካሴት ከሱቅ ስለጠፋ የሚቀዳው ቤት ባለው አሮጌ ላይ ነው። ጥርት አድርጎ ይቀዳ እንደሆነ ጠየቃት።

ማኅደር ልትሞክረው ካርቶኑ ውስጥ ያገኘችውን ካሴት ከተተች። ቀትር ነው፤ መንገዱ ላይ አንዲት ራክሻ ባጃጅ እንኳ የለችም። ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።

«አንድ፣ ሁለት። ይሰማል?» አለች። ጥቂት ቆይታ ማስታወቂያውን አነበበች። ከዚያ መልሳ አጫወተችው።

የራሷ ድምፅ «ይሰማል?» አለ። በዝምታው መሐል አንዲት ሴት ከሩቅ መለሰች።

«ይሰማል። ቀጥይ።»

ማኅደር ወደ ኋላ መልሳ አዳመጠች፤ ያው ነው። ከሴትዮዋ ሥር ወንድ ያስላል፤ ከሰውዬው ሥር ሕፃን ያለቅሳል። ጉድጓድ ውስጥ ተደራርበው የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ።

አባቷን ጠራችው። ኪዳኔ ጎንበስ ብሎ ሰማና የድሮውን ድምፅ የሚያጠፋው ክፍል መበላሸቱን ነገራት፤ ስለዚህ አዲስ ሲቀዳ የቀድሞው ከሥር ይቀራል። ማኅደር ታዲያ ሴትዮዋ እንዴት ለእሷ ልትመልስላት እንደቻለች ጠየቀችው። ቴፑን ዘጋና አጋጣሚ ነው አለ፤ እጁን ግን ከላዩ ቶሎ አነሳ።

አሰፋች ከበሩ ላይ ሆና፣ «እንግዲህ ሴትዮዋን መርቀን እንሽጠው» አለች።

የኸሊል መልእክት እንደገና ገባ፤ እናቱ ዛሬ ትንሽ መናገር ጀምረዋል፣ ቴፑ ደኅና ከሆነ አሁኑኑ ይመጣል።

«መያ መያ ነው፣ እንከን የለውም በይውና ኸላስ፣ በቃ» አለ ኪዳኔ። «የፈተናሽን ነገር አስቢ እንጂ፣ አንች ልጅ።»

ማኅደር ስለ ፈተናው አሰበች። ቀጥሎም የኸሊልን እናት አሰበች፤ ትንፋሽ ሊወስዱ ዝም ባሉ ቁጥር የማያውቁት ሰው ከሥራቸው ሲናገር። ስልኩን አነሳች።

«አባየ፣ ልደውልለት ነው» አለች። «ከገዛም ሴትዮዋን ሰምቶ ይግዛ።»