ያልረገጥኳት ስድስተኛ

እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ጉኑኖ ገጠር ውስጥ ተወልጄ፣ ሰው "እዚያ ጫካ ድምፅ ሰማሁ" ሲል "ነፋስ ነው" ብዬ እያለፍኩ ያደግኩ፣ ሶዶ ከተማ ገብቼም ዘጠኝ ዓመት ስፖርት ያስተማርኩ ሴት ነኝ፣ ጉራ አይሁንብኝና በእግር ጥንካሬ የሚያህለኝ አስተማሪ ያለም አይመስለኝ። ስለዚህ ይህን ስትሰሙ የፈሪ ወሬ ነው እንዳትሉኝ።

ሚስስ ላታ የምንላት ሕንዳዊት ነበረች፣ ባሏ እዚሁ ከተማ ኮሌጅ የሚያስተምር፣ እሷ ደግሞ ባራታናትያም የሚባለውን የአገሯን የጥንት ዳንስ ከልጅነቷ የተማረች። አንድ የወላጆች ቀን ትምህርት ቤታችን መጥታ ስታሳይ አየሁና "ይህማ ለኔ ምን አላት፣ ሦስት ወር ይበቃኛል" ብዬ ቤቷ ሄድኩ። ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። ተረከዝን ገጥሞ፣ ጉልበትን ወደ ጎን ከፍቶ፣ ቁጭም ብድግም ሳይሉ መሀል ላይ መቆየት አለ፣ ያቺን አቋቋም እንኳ ለመያዝ ወር ሙሉ ጭኔ ተንቀጥቅጧል። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በዱላ እንጨት እየመታች "ታይ ያ ታይ ሂ" ትላለች፣ እኔ በባዶ እግሬ እረግጣለሁ፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በእጥፍ፣ ከዚያ በእጥፍ እጥፍ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስወደው ለጉድ ነው የወደድኩት።

አንድ ነገር ብቻ አላደረግኩም። እነሱ ዘንድ ዳንስ ሲጀመር ተማሪው ጎንበስ ብሎ መሬቱን በመዳፉ ይነካል፣ "ልረግጥሽ ነውና ይቅር በይኝ" ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጸሎት ቤት ያደግኩ፣ የመዘምራን ልጅ።

"ለአፈር አልሰግድም" አልኳት የመጀመሪያው ቀን።

"ስግደት አይደለም" አለች፣ እንግሊዝኛውን ከተሰባበረ አማርኛ ጋር እየቀላቀለች፣ "ታክሲ ውስጥ ሰው እግር ስትረግጪ ይቅርታ አትይም?"

"መሬት ሰው አይደለችም።"

ሳቀች። "እሺ። እሱ ያንቺና የመሬት ጉዳይ ነው" ብላ ተወችኝ፣ ዳግመኛም አላነሳችውም።

ከዚያ የባሏ ኮንትራት አለቀና ሊሄዱ ሆነ። እሁድ በረራ፣ ቅዳሜ የኔ ፈተና። የራሷ አስተማሪ የሰጠቻት የእግር ቃጭል አላት፣ ትንንሽ የነሐስ ቃጭሎች ቆዳ ላይ የተሰፉበት፣ ያለ ስህተት በሦስተኛው ፍጥነት ከረገጥኩ ለኔ፣ ካልሆነ ወደ አገሯ ይመለሳል። ምን ያህል እንደጓጓሁ ልነግራችሁ አልችልም፣ ለሠርጌ እንኳ እንደዚያ አልጓጓሁም። ችግሬ አንዲት እርግጫ ነበረች። በአንድ ዙር ካሉት ስምንት እርግጫዎች ስድስተኛዋ፣ የግራ እግር። ሲፈጥን ግራ እግሬ ይነሳል እንጂ በጊዜው አይወርድም፣ ተዘሎ ይታለፋል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይባል የለ፣ እኔ ነኝ።

ዓርብ ከሰዓት እነሱ ለሽኝት ምሳ ሲወጡ ቁልፉን ተቀብዬ ብቻዬን ገባሁ። ዕቃው ተሽጦ ቤቱ ባዶ ነው፣ ሲሚንቶ ወለልና መስኮት ብቻ፣ ደጁ ፀሐይ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ እንደ ልማዴ ሳልጎነበስ ጀመርኩ። አንደኛው ፍጥነት፣ ደህና። ሁለተኛው፣ ደህና። ሦስተኛው ላይ ስድስተኛዋ ስትደርስ ግራ እግሬ አየር ላይ እንዳለ፣ ልብ በሉ፣ አየር ላይ እያየሁት፣ ጧ የሚል ድምፅ ከወለሉ መጣ።

ጆሮዬ ነው አልኩ። ደገምኩ። አሁንም እግሬ ሳይወርድ ጧ፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት፣ በቆመው ቀኝ እግሬ ተረከዝ በኩልም ከታች ነካ እንደማድረግ ያለ ነገር ተሰማኝ። የገደል ማሚቶ እንዳልል፣ ማሚቶ ያልተባለውን አይመልስም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። አከራያቸው እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ በርበሬ ይቀነጥሳሉ።

"እትዬ፣ ከዚህ ቤት ሥር ጉድጓድ ነገር አለ እንዴ?"

"ምን ጉድጓድ? ድንጋይና ጠጠር ነው፣ ሟቹ ባለቤቴ ቆሞ ነው ያስደለደለው። ምነው ቲቸርዬ፣ ሰነጠቅሽብኝ እንዴ?"

ተመልሼ ገባሁ፣ እልኸኛ ነኝ። መሀል ወለሉ ላይ ዝም ብዬ ቆምኩ። ምንም የለም። ግን አንድ ሰው ተራውን ሲጠብቅ ዝም የሚለው ዝምታ አለ አይደል፣ እሱ ነበር፣ ያኔ ቆሌዬ ተገፈፈ። ቆልፌ ሄድኩ።

ቅዳሜ ሚስስ ላታ ዱላዋን ይዛ ተቀመጠች፣ ቃጭሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገቧ። ሌሊቱን ጸልዬ ነበር፣ ልቤም ሙሉ ነበር፣ ዛሬ ራሴ እረግጣታለሁ አልኩ። መሬቱን ግን አልነካሁም፣ ወይ ፍንክች። እሷ ስትፈትን ዓይኗን ጨፍና ነው፣ በጆሮዋ ብቻ ነው የምትቆጥረው። ሦስተኛው ፍጥነት ደረሰ። አራት፣ አምስት። ግራ እግሬ ተነሳ፣ አልወረደም።

ጧ አለ ወለሉ።

ፊቷ በፈገግታ በራ። ዓይኗን ስትገልጥ እንባ ነበረበት። "አየሽ፣ መጣች" አለች፣ ቃጭሉንም በገዛ እጇ አሰረችልኝ። "እኔ አይደለሁም" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አላልኳትም። ደስታዋን ላለማበላሸት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ እውነቱ ግን ቃጭሉን ፈልጌው ነው፣ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል። እሁድ ሄዱ።

አሁንም አላምንም፣ ይህን አልክድም። ብቻ ሜዳ ላይ ተማሪ ከማዘለሌ በፊት ፊሽካዬ ከእጄ ያመልጣል፣ ጎንበስ እልና አነሳዋለሁ፣ መዳፌም መሬት ይነካል። ተማሪዎቹ "የቲቸር እጅ ቅቤ ነው" እያሉ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ባለፈው ማክሰኞ ፊሽካውን ቢሮ ረስቼ ወጣሁ፣ ሰዓት አልፎብኝ ነበርና ሳልጎነበስ አጨብጭቤ አዘለልኳቸው። አርባ ተማሪ እኩል ተነሳ፣ እኩል አረፈ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ከዚያ፣ ሁሉም ቆሞ ሳለ፣ ሜዳው ላይ አንድ እግር ለብቻው አረፈ።

ፊት ረድፍ ላይ የነበረች ልጅ ዞር ብላ ጓደኞቿን በዓይኗ ቆጠረችና "ቲቸር፣ ማነው የዘገየው?" አለችኝ።