የኢዛቤሊታ ከንፈር

«ኖራይዳ፣ ነይ ጉድሽን እዪ! ፋዘርሽ የሸጠልን ዓሣ አፏ ተተልትሏል!»

ማክሰኞ ጠዋት የሳይንስ ክፍሉ በር ላይ ቆማ የምትጮኸው ማይራሊ ነበረች፤ የኖራይዳ የልብ ጓደኛ። ኖራይዳ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ተንደርድራ ገባች። ግማሹ ተማሪ አኳሪየሙን ከቦታል። ሰማያዊና ቢጫዋ ኢዛቤሊታ፣ ያቺ ግንባሯ ላይ ዘውድ የደፋች የምትመስል የባሕር ዓሣ፣ ከድንጋዩ ሥር ተወሽቃለች። የላይኛው ከንፈሯ አብጦ፣ ጫፉ ተልጦ ነጭ ሥጋው ይታያል።

«ቅዳሜ ስንቀበላትም እንዲህ ነበረች» አለች ማይራሊ። «የኖራይዳ አባት ቶሎ ቶሎ በፕላስቲክ አድርገው ሰጡን። ስትበላም አላየንም። ትናንትም ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩ ሥር ስላልወጣች ነው ያላያችኋት።»

«ውሸት!» አለች ኖራይዳ።

«አይ ዶን ኤልፒዲዮ! ለካ ጉራ ብቻ ኖሯል» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የኖራይዳ ጆሮ ጋለ።

በሪንኮን የባሕር ዳርቻ የኖራይዳን አባት ኤልፒዲዮን የማያውቅ የለም። ባሕር ውስጥ ጠልቆ በእጅ መረብ ዓሣ ይይዛል፤ ከነሕይወታቸው ይሸጣቸዋል። አንድ ደንብ አለው፤ ገዢው ፊት ያልበላች ዓሣ ከግቢው አትወጣም። ገዢው ቢቸኩልም ቢለምንም ወንበር ይሰጠዋል እንጂ ዓሣዋን አይሰጠውም። አንዴማ ከሳን ሁዋን በትልቅ መኪና የመጣን ሰውዬ ሲያስጠብቅ ውሎ፣ ሩዝና ባቄላ ጋብዞ፣ ባዶ እጁን ሸኝቶታል። ኖራይዳ ይህን ስታወራ ደረቷ ይነፋል። ቅዳሜ ግን የመረብ ኳስ ግጥሚያ ስለነበረባት ቤት አልነበረችም። ዓሣዋን ለክፍሉ የተረከበችው ማይራሊ ናት፤ እናቷ መኪናው ውስጥ ሆና ትጠብቃት ነበር።

የሳይንስ መምህርቷ ሚሲ ካራስኪዮ ጠርሙስ ይዘው መጡ። «ኢንፌክሽን ሳይሆን አይቀርም፤ መድኃኒት እንጨምርላት።»

«ቆይ ሚሲ፣ እንዳይጨምሩ! መድኃኒቱ ውሃውን የሚያጸዱልንን ባክቴሪያዎች ይጨርሳቸዋል። መጀመሪያ እኔ ልያት።»

ተንበርክካ አፍንጫዋን ወደ ገንዳው አስጠጋች። አባቷ እንዳስተማራት ከጭራ ጀመረች። ክንፎቿ ሙሉ ናቸው፣ ቅርፊቷም አልተፋቀም። መረብ የጎዳት ዓሣ ብትሆን ጉንጯ ላይ ያለው እሾህ በክሩ ተይዞ ጎኗም በተላጠ ነበር። ቁስሉ ላይ ጥጥ የሚመስል ነገር የለም፤ መቅላቱም ወደ ዓይኗ አልወጣም። የምትተነፍስበት ስንጥቧ ሳይቸኩል ይከፈታል፣ ይዘጋል። አፏን ስትገጥም መንጋጋዋ አልተጣመመም።

«አጥንቷ አልተሰበረም» አለች ኖራይዳ ተነስታ። «ለጊዜው ኢንፌክሽንም የለባትም። ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጭታ ነው። ደግሞ ቁስሉ ትኩስ ነው፤ የቅዳሜ ቢሆን ጠርዙ መጠገግ ይጀምር ነበር።»

«ዶክተር ኖራይዳ! እስቲ የእኔንም ጥርስ እዪልኝ!» እንደገና ሳቅ ሆነ። ማይራሊ ግን አልሳቀችም።

ሚሲ ካራስኪዮ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። «እሺ፣ እስከ አርብ ያንቺ ናት። መቅላቱ ከተስፋፋ ለብቻዋ አውጥተን በመድኃኒት እናክማታለን። እስከ አርብ ካልበላች ግን ለአባትሽ እመልሳታለሁ።»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ቤት ገብቷል። የማይራሊ እናት ደውላ ነበር። ኤልፒዲዮ ግቢው ውስጥ፣ በገንዳዎቹ መሃል፣ የመጥለቂያ መነጽሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ስትበላ አይቻለሁ» አለ፣ ሰላም እንኳን ሳይላት። «ምግቧን፣ የባሕር ስፖንጁን፣ ከድንጋዩ ላይ ስትነጭ…» መነጽሩን አገላበጠ። «ወይስ ሌላዋ ነበረች? ሁለት ነበሩ እኮ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ ኖሪ።»

«አባዬ፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም!»

«ታዲያ ልጅቷ ለምን ትዋሻለች? ከልጅነቷ ጀምሮ ከማዕዳችን የበላች ልጅ ናት።» መረቡን አንስቶ መጠቅለል ጀመረ። «ለጊዜው መሸጡ ይቅርብኝ። የተጎዳ ፍጥረት ለሰው ከማስረክብ፣ ቢቀርብኝ ይሻላል።»

ኖራይዳ ክፍሉ ቢስቅባት ትችለዋለች። አባቷ የገዛ ዓይኑን መጠራጠሩን ግን ልትችለው አልቻለችም።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ትምህርት ቤት ደረሰች። ሽሪምፕና የባሕር ስፖንጅ ወቅጣ፣ በጄላቲን አርግታ ይዛለች፤ ከንፈሩ ያበጠ ዓሣ መንከስ ባይችል እንኳ ለስላሳ ነገር ይመጥጣል። መብራቱን ገና ከማብራቷ ኢዛቤሊታ ከድንጋዩ ሥር ተወርውራ ወጣችና የገንዳውን ቀኝ ግድግዳ በአፏ መታችው። ጧ! ዞራ ደግማ መታችው። ኖራይዳ በድንጋጤ መብራቱን አጠፋች። ዓሣዋ ወዲያው ተረጋጋች።

በብርሃኑ የገንዳው ግድግዳ ላይ የራሷን ምስል አይታ ነበር። ሌላ ዓሣ መስሏት። ኖራይዳ ወደ ቀኝ ዞረች። በገንዳው ውጫዊ ግድግዳ ላይ የፕላስተር ሙጫ ቀርቷል፤ እዚህም፣ እዚያም፣ በአራቱም ማዕዘን። ልክ የፊት ማያ መስታወት ያህል።

ዓሣዋ ቅዳሜም ቆስላ ነበር ያለችው ማይራሊ ብቻ ናት። ማይራሊ ስትገባ ኖራይዳ ሙጫውን በጥፍሯ እየፋቀች ነበር። «የፊት መስታወት ነው አይደል የለጠፍሽው?»

«የምን መስታወት?»

«አትፎግሪኝ፣ ማይራሊ።»

ማይራሊ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የወንድሜ ዓሣዎች ራሳቸውን ሲያዩ ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፤ እንዴት እንደሚያምሩ! ቪዲዮ ልቀርጽ ብዬ ነው። ሰኞ ሁሉም ከሄደ በኋላ ለጠፍኩት፣ ከዚያ መብራቱንም ሳላጠፋ ረስቼው ወጣሁ። ጠዋት ስመጣ…»

«የወንድምሽ ዓሣዎች ያቅራራሉ። ኢዛቤሊታ ግን አታቅራራም፤ ትማታለች! ሌሊቱን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትደባደብ ነው ያደረችው!»

«ለሚሲ እንዳትነግሪ፣ በናትሽ። ከሳይንስ ክበቡ ያስወጡኛል።»

«ለምን በአባቴ አሳበብሽ?»

«ደነገጥኩ። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ ሁሉም ያከብረዋል፣ ምንም አይሆንም ብዬ ነው።»

ኖራይዳ ደሟ ፈልቶ ነበርና አፏን ብትከፍት ምን እንደምትል ፈራች። እጅጌዋን ሰብስባ የረጋውን ምግብ ድንጋዩ ላይ መቀባት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ መብራቱ አልበራም። ኖራይዳ በየቀኑ ከውሃው ጥቂት እየቀዳች በንጹሕ የባሕር ውሃ ትተካለች፣ ቁስሉን ትመለከታለች፣ የረጋውን ምግብ ድንጋዩ ላይ ትቀባለች። ኢዛቤሊታ ቀርባ ታሸታለች፣ ትመጥጣለች፣ መልሳ ትተፋለች። ሐሙስም ተፋችው። ኖራይዳ ዳቦዋን በእጇ ይዛ፣ እሷም ሳትበላ፣ ደወሉ እስኪደወል አጠገቧ ተቀመጠች። የከንፈሯ እብጠት ግን መጉደል ጀምሯል፤ መቅላቱም ካለበት አላለፈም።

አርብ ሙሉው ክፍል ትንፋሹን ውጦ ቆመ። ኢዛቤሊታ መጣች። ድንጋዩን በአንድ ዓይኗ አየችው። አንዴ መጠጠች፤ አልተፋችም። ሁለተኛ መጠጠች። ከዚያ የምን መሽኮርመም! ድንጋዩን ትቧጥጠው ገባች።

«በላች! በላች!» ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። አንዱ የኖራይዳን ጭንቅላት ያሻሻል፣ ሌላው ጠረጴዛ ይደበድባል። ኖራይዳ እንባዋ መጣ፣ ሳቋም መጣ። ያዳነቻት እሷ ናት፤ በገዛ ዓይኗና በገዛ እጇ! ከደስታዋ ብዛት የምትቆምበት ጠፋት።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ ሚሲ ካራስኪዮ። «ተጎድታ የመጣች ዓሣ አተረፍሽልን። ለአባትሽም ንገሪያቸው፣ ለወደፊቱ ጠንቀቅ ይበሉ።»

ኖራይዳ ሳቋ ደረቀ። ማይራሊን አየቻት። ማይራሊ ጫማዋን ታያለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ክፍሉ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል።

«ሚሲ፣ አባቴ የሸጠው ጤነኛ ዓሣ ነው» አለች ኖራይዳ። «የተጎዳችው እዚህ ነው።»

«እዚህ? ማን ነው የጎዳት?» አለ አንዱ።

«ሐኪሟ እኔ ነኝ፤ ፖሊስ አይደለሁም» አለችና የገንዳውን ክዳን ገጠመች።

ሲወጡ ማይራሊ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። «ኖሪ… አመሰግናለሁ።»

«አታመስግኚኝ። አሁን ከእኔ ጋር ቤት ትሄጃለሽ።»

«ለሁሉም ልትነግሪ ነው?»

«እኔ ለማንም አልናገርም። ለአባቴ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ክፍሉ የፈለገውን ያስብ፤ አባቴ ግን ዓይኑን ሲጠራጠር አያድርም።»

ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ። ኤልፒዲዮ ባዶ ገንዳዎችን በጎማ ውሃ እያጠበ ነበር። ኖራይዳ አጥሩ በር ላይ ቀረች። ማይራሊ አንዴ ዞራ አየቻትና ገባች።

«ዶን ኤልፒዲዮ» አለች። «ቅዳሜ ስትበላ አይቻለሁ። ከንፈሯም ደህና ነበር። የጎዳኋት እኔ ነኝ። የፊት መስታወት ለጥፌባት ረሳሁት። እርስዎ ላይ ዋሸሁ።»

ኤልፒዲዮ ውሃውን ዘጋ። ማይራሊ ማልቀስ ጀመረች።

«አሁን በላች?» አለ።

«በላች።»

«ማን አበላት?»

ማይራሊ በጣቷ ወደ በሩ ጠቆመች። ኤልፒዲዮ ቀና አለ። «መንጋጋዋን አየሽው፣ ኖሪ?»

«አየሁት። ግን ከጭራዋ ነው የጀመርኩት።»

«ከጭራዋ ጀምራ!» አለ ወደ ማይራሊ ዞሮ፤ አሁን የበደለችው ልጅ መሆኗንም የረሳ ይመስላል። «ሰማሽ? የእኔ ልጅ እኮ ናት! ሌላው ቢሆን አፏን አይቶ በቃ ነበር የሚለው። በይ እንባሽን ጥረጊ፤ አሳፍረሽኛል፣ ግን መጥተሽ ነግረሽኛል።» የተጠቀለለውን መረብ አንስቶ ፈታው። «ነገ ባሕሩ ጸጥ ይላል። ኖሪ፣ ሁለተኛውን መረብ የምትይዥልኝ አንቺ ነሽ። ጓደኛሽስ ትምጣ?»

ኖራይዳ ማይራሊን አየቻት። ገና አልበረደላትም ነበር።

«ትምጣ» አለች። «ባልዲውን ግን እሷ ትሸከማለች።»