ተረከዝ በሐዲድ ላይ

ነሐሴ ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፱ ዓ.ም.፤ ዕለቱ ረቡዕ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የአቃቂ ሰማይ ከጧት ጀምሮ ሲያወርደው የዋለውን ዝናብ ለአፍታ ገታ አድርጎ ነበር። ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ የፋብሪካዎቹ ጭስ ከደመናው ጋር ተደባልቆ በጣሪያዎቹ ላይ ተኝቷል፤ ከቃሊቲ ቁልቁል ወደ አቃቂ ጣቢያ የሚወርደው ሐዲድ ብቻ ታጥቦ ያብለጨልጫል። በምሥራቅ ጦርነት ነበር። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር በየግድግዳው ተጽፎ ነበርና፣ በዚያ ክረምት እውነትም ሰውም ስንቅም በዚህ ሐዲድ ላይ ያልፍ ነበር።

ሐዲዱ ወደ ፋብሪካው የሚወስደውን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ነበረች፤ በደጃፏም በገመድ እየተሳበ የሚወጣና የሚወርድ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ማገጃ እንጨት። የመሻገሪያው ጠባቂ ወይዘሮ ፈለቀች ትባላለች። ባሏ አቶ ሰቦቃ ያን ማገጃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ በሳንባ በሽታ ሲሞት፣ ሥራውን ለእርሷ ሰጧት፤ ሰቦቃ ግን ከሥራው ጋር ሌላም ነገር ትቶላት ነበር።

ማገጃውን ከመክፈቷ በፊት የቀኝ እግሯን ጫማ ታወልቅና፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ድረስ ተረከዟን በሐዲዱ ላይ አሳርፋ ትቆማለች። ይህን ደንብ የሚያዝ መመሪያ አልነበረም፤ ሰቦቃ ነው ያስተማራት። «ፍርሃት ከደረትሽ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል» ብሏት ነበር በሕመሙ ጊዜ፤ «የሐዲዱ ንዝረት ግን ከተረከዝሽ ይነሣል፤ ከጉልበትሽም አያልፍም። ሁለቱን ካላምታታሽ ሰው አይሞትብሽም።» እርሷም ስድስት ዓመት ሙሉ አላምታታችም። የመንገደኛውን ባቡር ከጭነቱ ትለይ ነበር፤ ሠራተኞቹም ሲያልፉ «እትዬ ፈለቀች፣ ዛሬስ ብረቱ ምን አለዎት?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ነገር ሁሉ ተለወጠ። በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ያልፍ የነበረው ባቡር አሥራ አራት ሆነ፤ አንዳንዱም ሳይነገር ይመጣል። ለጎጆዋ ስልክ ተሰጠ፤ ለእርሷም እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ቦት ጫማ። ስልኩ «ዝጊ» ሲላት ትዘጋለች፤ «ክፈቺ» ሲላት ትከፍታለች። ቦት ጫማውን በጭቃ ውስጥ ማውለቅና መልበስ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ አልነበራትም። ጫማ ማውለቁ መጀመሪያ በአንዱ ባቡር ቀረ፣ ቀጥሎ በሁለቱ፣ ከዚያ ጭራሹን ተረሳ። ተዪው ያላት ማንም የለም፤ የማንም መዝገብ ላይ ስላልነበረ ሲቀርም የጠየቃት የለም።

ሌላም ጭንቅ ነበረባት። የመጀመሪያ ልጇ ቢራ፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ፣ ለሚሊሺያ ተመልምሎ በታጠቅ ጦር ሠፈር ሠልጥኖ በሐምሌ ወር በዚሁ መስመር ወደ ምሥራቅ ወረደ። እርሷ አረንጓዴ ባንዲራዋን ይዛ ከማገጃው አጠገብ ቆማ፣ እየዘፈኑ ከሚያልፉት ፉርጎዎች ውስጥ ፊቱን ፈለገች፤ አላገኘችውም። ከዚያ ወዲህ ባቡር በመጣ ቁጥር ደረቷ ይደልቃል፤ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም፤ እህል አይወርድላትም።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች ነው ሐምሌ ፳፰ ቀን የተሳሳተችው። የደረቷን ድለቃ ከባቡር ጋር አምታታ፣ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች ማገጃውን ዘግታ የፋብሪካውን ተረኞች አሥራ አምስት ደቂቃ አቆመቻቸው፤ ምንም አልመጣም። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ዘካሪያስ ስሟን በማስታወሻው ጻፈና፣ «ለሁለተኛ ጊዜ ከተደገመ ስሕተት አንለውም፤ አሻጥር ነው የምንለው» አላት። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ አቃቂ በሙሉ ያውቅ ነበር። አልወቅሰውም፤ ዘካሪያስም የሚጠይቀው አለቃ ነበረበት፤ ነገር ግን እርሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሷ ላይ እምነት አጣች። ቀልቧ የሚነግራትን ሁሉ የልጇ ናፍቆት ነው እያለች ትገፋው ጀመር።

ወደዚያ ረቡዕ እንመለስ። የወታደር ባቡር አልፎ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ማገጃው እንደተዘጋ ነው። ከማገጃው ማዶ ሦስት መቶ የሚሆኑ የስምንት ሰዓት ተረኞች ተሰብስበዋል፤ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በፋብሪካው ግቢ ለሚደረገው ሰልፍ ጓድ ዘካሪያስ ራሱ መፈክር አስይዞ እየመራቸው ነበር። በመካከላቸው የፈለቀች ሴት ልጅ ዳሲቱ አለች፤ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ናት።

ስልኩ ጮኸ። የጣቢያው ሹም አቶ ሀብተሚካኤል ነበሩ።

«ወይዘሮ ፈለቀች፣ ይክፈቱ። ቀጣዩ ባቡር ገና ከለገሃር አልተነሣም፤ መስመሩ ነጻ ነው።»

«እሺ ጌታዬ» አለችና ገመዱን ያዘች። ግን አልሳበችውም። ቀልቧ አልወደደውም። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች፤ አሁን ባለፈው ባቡር ውስጥ እንደ ልማዷ የቢራን ፊት ስትፈልግ ነበር፤ ደረቷም እንደ ልማዱ እየደለቀ ነው። ያችው የሐምሌዋ ፍርሃት ብትሆንስ?

ዳሲቱ ከሰዉ ተለይታ እስከ ማገጃው ድረስ ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ክፈቺ አላሉሽም እንዴ?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

«ቆይ እስቲ።»

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቢራን እያሰብሽ ነው። እንደ ባለፈው ነው። ጓድ ዘካሪያስ እያየሽ ነው፣ በእናትሽ ክፈቺው።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ፈለቀች። «እሱን እኮ ነው ያላወቅሁት።»

ይህን ብላ ከሐዲዱ ዳር ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና የቀኝ ቦቷን ትጎትት ጀመር። ቦቱ ውኃ ገብቶበት ስለነበር አልወጣ አላት፤ ከሰዉ መካከል ሳቅ ተሰማ።

«ጓዲት ፈለቀች» አለ ዘካሪያስ፣ «የአብዮቱ ሰልፍ አንቺ እግርሽን እስክትታጠቢ ሊጠብቅ ነው?»

«አንድ አቡነ...» ብላ ጀመረችና ለማን እንደምትናገር አስታወሰች። «አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ጓድ።»

ቦቱ ወጣ። ተረከዟን በቀዝቃዛው ብረት ላይ አኖረች። መጀመሪያ የተሰማት የገዛ ልቧ ብቻ ነበር፤ ከደረቷ ተነሥቶ፣ በሆዷ አልፎ፣ ጭኗን እያራደ ወደ ታች የሚወርድ። በውስጡም የቢራ ፊት ነበረበት። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ፊት ልታባርረው ስትታገል ነበር፤ አሁን ግን አልታገለችውም። «እሺ ልጄ፣ ሰምቼሃለሁ» አለችው በልቧ፤ «ትንሽ ቆይልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ።» ጸሎቷን ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ደገመች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ደረቷ ጸጥ አለ፤ ያን ጊዜ ከሥር ሌላው መጣ።

ቀጭን ነበር። ባቡር ሲመጣ ሞተሩ በብረቱ ውስጥ ይመታል፤ ይህ ግን አይመታም፤ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ተሰምቷት አያውቅም። ግን ከተረከዟ ነው የተነሣው፤ ጉልበቷም ሥር ሲደርስ ቀረ።

«እየመጣ ነው» አለች።

«ምኑ?» አለ ዘካሪያስ።

«አላውቅም።»

ዘካሪያስ ወደ ጎጆዋ ገብቶ ስልኩን ራሱ አንሥቶ ጠየቀ፤ የሹሙም መልስ ያው ነበር፤ በመስመሩ ላይ ምንም ባቡር የለም። ወጥቶ ከማገጃው ማዶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ መስመሩ ነጻ ነው። ክፈቺ።»

«አልከፍትም።»

«የምትናገሪውን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ስሜን ጻፈው፤ ቀድሞም አለህ።» ገመዱን በእጇ አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመች። አሁን የምትፈራው ዘካሪያስን ነበር፤ ይህኛውን ፍርሃት ከሌላው መለየት አላስቸገራትም።

ዘካሪያስ ሁለት ሠራተኞች ጠርቶ ገመዱን እንዲቀበሏት አዘዘ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ዳሲቱ ወደ ሰዉ ተመልሳ ብትቀላቀል ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ እርሷ ግን በማገጃው ሥር ሾልካ ገባችና ከእናቷ ጎን ገመዱን ያዘች። ስለ ሐዲዱ አላመነችም፤ እናቷን ብቻዋን መተው አልሆነላትም እንጂ።

«እንግዲያውስ ነጻ መሆኑን እኔ አሳያችኋለሁ» አለ ዘካሪያስ፤ ጎንበስ ብሎም በማገጃው ሥር አልፎ ወደ ሐዲዱ ተራመደ። አንድ እግሩ በሐዲዶቹ መካከል ሲያርፍ ፈለቀች ገመዱን ከእጇ አንጓ አላቃ ለልጇ ለቃ፣ አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ ተንደርድራ፣ ኮቱን ከኋላ ጨብጣ ጎተተችው። ሁለቱም ተያይዘው ጭቃው ላይ ወደቁ።

አራቱ ፉርጎዎች ያን ጊዜ አለፉ። ጎታች ራስ የላቸውም፤ ፊሽካ የላቸውም፤ ሰው የለባቸውም። ከቃሊቲ ወዲያ በጎን ሐዲድ ላይ ቆመው ነበር፤ ጎርፉ ከመንኮራኩራቸው ሥር የነበረውን ማቆሚያ ታኮ ጠርጎት፣ በገዛ ክብደታቸው ቁልቁለቱን ይዘው የወረዱ ናቸው። የመጨረሻው ካለፈ በኋላ አንዲት ሴት የያዘችውን የመፈክር እንጨት መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

ፈለቀች ተነሥታ ስልኩን አነሣች። «አራት ፉርጎ ሰው የሌለባቸው እየመጡብዎ ነው፤ መስመሩን ያስጠርጉ» አለች። አቶ ሀብተሚካኤልም ሰዉን አስጠርገው አሳለፏቸው፤ ፉርጎዎቹ ከጣቢያው ወዲያ ሜዳው ላይ ደክሟቸው ቆሙ። ከዚያ እንደገና ተረከዟን ሐዲዱ ላይ አኑራ ጸሎቷን ጨረሰች፤ ማገጃውንም አወጣች። ሰዎቹ ሲያልፉ ማንም አልቀለደም። ዘካሪያስ መጨረሻ ላይ፣ ኮቱ እንደ ጨቀየ፣ ከፊቷ ቆም አለ፤ «ጓዲት...» አለና ሰዎቹን ተከትሎ ሄደ።

በማግሥቱ የተጻፈው ሪፖርት፣ በጓድ ዘካሪያስ አብዮታዊ ንቃት ሦስት መቶ ሠርቶ አደሮች ከአደጋ ተረፉ ይላል። ዳሲቱ ይህን ስትሰማ እየተንገበገበች መጣች፤ እናትየው ግን «ተይው፤ ሰው አልሞተም» ብላ ገመዷን መቋጠር ቀጠለች።

የቢራ መርዶ የመጣው በየካቲት ነው። ያረፈው ኅዳር ፲፱ ቀን እንደሆነ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከወረቀት አነበቡላቸው። ፈለቀች ያን ቀን መለስ ብላ አሰበችው፤ ሥራ ላይ ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ በሐዲዱ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ቆማ ነበር፤ ምንም አልተሰማትም።

«እንዴት አላወቅሽም እማዬ?» አለች ዳሲቱ እያለቀሰች፤ «አንቺ እኮ ሁሉን ታውቂያለሽ።»

«ሐዲዱ የሚመጣውን ነው የሚነግረኝ» አለች ፈለቀች። «የሄደውን አይነግረኝም።»

ዛሬ በዚያ መስመር ባቡር አያልፍም፤ ከቀረው ሐዲድም ግማሹ በአፈር ተውጧል፤ ከገላን ኮንዶሚኒየም ሰው ጭነው ወደ ከተማ የሚወጡ ሚኒባሶች በላዩ ነጠር ብለው ያልፋሉ። ያን ረቡዕ ከማገጃው ማዶ የነበሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በነዚያ ሚኒባሶች ውስጥ አሉ። የዚያ ጦርነት ታሪክ የጄኔራሎቹን ስም ይዟል፤ የጓድ ዘካሪያስም ሪፖርት የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል። የወይዘሮ ፈለቀች ስም ግን በጣቢያው መዝገብ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። አንደኛው ሐምሌ ፳፰ ቀን፣ «ያለ በቂ ምክንያት መሻገሪያ ዘግታ ሠራተኛ አዘግይታለች» ይላል። ሁለተኛው ጡረታ በወጣችበት ቀን ንብረት ስታስረክብ የተጻፈ ነው፤ «ቦት ጫማ፣ አንድ ጥንድ፤ የግራው ያረጀ፣ የቀኙ ብዙም ያልተለበሰ።»