አረንጓዴው ሳሙና

«ቁረጭላቸው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ አባቷ።

ሲድራ ቢላዋውን አነሳች። በአሌፖ ገበያ ሳሙና ሳይቆረጥ አይገዛም። ውጭው ቢጫ፣ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ጋር የሚባለው ዛፍ ፍሬ ዘይት በደንብ ገብቶበታል፣ ዘጠኝ ወርም ደርቋል ማለት ነው። የክፍል ጓደኛዋ የጁመና እናት፣ ኡም ጁመና፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

ሳሙናው ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ቅጠል መስሏል።

«ተባረኪ! የጁመና እጅ ቆሳስሎብኛል። ሦስት ጨርሳ አልተሻላትም፤ አንሷት ይሆናል። እስኪ ስድስት ጠቅልሉልኝ» አሉ።

እሳቸው እንደወጡ ሲድራ አላስቻላትም።

«ባባ፣ አረንጓዴው እኮ ቀለም ነው!»

«ቀስ በይ!» አባቷ በሩን ገርበብ አደረገው። «በጋር ፋንታ የፓልም ዘይት ያላስገባ ማን አለ? ሳሙና ሠሪው ጎረቤታችን አቡ ረስላን እንደ አያቴ ካልሠራሁ ብሎ ዘጠኝ ወር ሲያደርቅ ሱቁ ተዘጋ። አሁን ታክሲ ይነዳል። እኔም ልንዳ?»

ሲድራ ተናደደች፤ ከንዴቷ በላይ ግን አዘነችለት። ድሮ አሽትቶ ብቻ ሳሙናው ስንት ወር እንደደረቀ የሚናገር ሰው ነበር። አሁን በአንድ ወር ተኩል ከመደርደሪያ ያወርደዋል፤ ትርፉም ደህና ነው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጁመና እስክሪብቶ መያዝ አቃታት። የጣቶቿ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ደም ያዥ ነበር።

«እማማ ደጋግመሽ ታጠቢበት ትለኛለች፤ እየባሰብኝ ነው። በናትሽ ሲዱ፣ ድሮ በሳምንት ነበር የሚያድነኝ። ሳሙናችሁን ምን ነካው? ፎርጅድ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ሲድራ እውነቱን ብትናገር ኡም ጁመና እስከ ማታ ሰፈሩን ያዳርሱታል። ነገ ሱቁ ጭር ይላል፤ አባቷም ታክሲ ፍለጋ ይወጣል። የጓደኛዋን ጣቶች ደግማ አየቻቸው።

«አትታጠቢበት» አለች። «የድሮው አይደለም። አረንጓዴው ቀለም ነው።»

ጁመና መሳቋን አቆመች። «እሺ፣ ከማን ልግዛ ታዲያ?» አለቻት።

ሲድራ የገበያውን ሱቆች በሐሳቧ አንድ በአንድ ዞረቻቸው። ስሙን የምትጠራላት አንድም ሰው አጣች።

«በውሃ ብቻ ታጠቢ» አለቻት።