የእሁዷ አረፋ

«አትንኪው፣ መጀመሪያ እዪው» አለ ኪተን።

ማርሊስ በትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ ወዳለው የሴሎች ማሞቂያ ሳጥን ጎንበስ አለች። መዳፍ የምታክለው ክብ ዕቃ እንደ ወትሮዋ በዝግታ ትሽከረከራለች። ውስጧ ያለው ሮዝ ፈሳሽ ግን ደፍርሷል። ሐሙስ ዕለት ሰሊጥ አክለው ይንሳፈፉ የነበሩት የጉበት ሴል እንክብሎች ብትንትናቸው ወጥቷል። ከላይ አንዲት የአየር አረፋ ትንቀጠቀጣለች።

ዕቃዋ የምትዞረው ሴሎቹ ታች ሳይዘቅጡ፣ ጠፈር ላይ ያሉ ያህል ተንሳፍፈው እርስ በርስ እንዲያያዙ ነው። አረፋ ከገባ ፈሳሹን ይንጠዋል፣ ሴሎቹንም ይበጣጥሳቸዋል። ስለዚህ የሴሎቹን ምግብ፣ ሮዙን ፈሳሽ፣ የቀየረ ሰው አረፋውን በሲሪንጅ ስቦ ሳያወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም። ትናንት እሁድ ተረኛው ኪተን ነበር።

«አይቻት ነበር» አለ ዓይኑን እየሸሸ። «ትንሽ ናት ብዬ ተውኳት። አባዬ ውጭ ቆሞ ክላክሱን ያስጮኸው ነበር፤ ታውቂው የለ።»

ታውቀዋለች። ልጁ አሳዘናት፤ ደግሞም አናደዳት። የሂውስተን ተማሪዎች የሳይንስ ውድድር ነገ ነው። ለእነዚህ ሴሎች ስትል ስንት ቅዳሜዋን ሠውታለች።

«የሐሙሱ ፎቶ አለን አይደል? የዛሬ ነው እንላለን። ማን ያውቃል?» አለ ኪተን።

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ማካበድ ትወጂያለሽ። እኔ ባዶ እጄን ቤት ከገባሁ እኮ አለቀልኝ። አባዬ ‹ይሄን ጨዋታህን ተውና ጋራዥ ግባ› ነው የሚለኝ።»

ኪተን ከዚህ ቤተ ሙከራ ሌላ ደስ የሚለው ቦታ እንደሌለው ማርሊስ ታውቃለች።

በሩ ተከፈተና መምህራቸው ሚስ ኦርቴጋ ብቅ አሉ። «እህ፣ ሴሎቻችን እንዴት አደሩ?»

ኪተን የሐሙሱን ፎቶ ስልኩ ላይ አውጥቷል። ግን ወደ መምህሯ አልዘረጋውም፤ ማርሊስን ያያታል።

«ተበላሽተዋል፣ ሚስ» አለች ማርሊስ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ቀጥኖ ወጣ። «እሁድ አረፋዋን ሳናወጣት ቀርተን ነው። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።»

መምህሯ ጎንበስ ብለው ዕቃዋን አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቅር ማለታቸው ግን ያስታውቃል።

«እሷ እሁድ አልመጣችም» አለ ኪተን በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ። «ተረኛው እኔ ነበርኩ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ግን መልሶ አወጣው፤ «ነገ የምናሳየው ይሄኛውን ነው» ብሎ ካሜራውን ከፍቶ ወደ ደፈረሰው ፈሳሽ አስጠጋው። ማርሊስ ፎቶው እንዳይደበዝዝበት ማዞሪያውን አጠፋችለት።